የአሥር ዓመት ግብ ወይስ የዓመት ዕቅድ?

ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ በትንሽ መደብ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው የጅምላ ሱቅ ይመኛል እንበል። ከሩቁ ግብ ተነስቶ ወደ ኋላ ይቁጠር ወይስ ዓመት በዓመት ይቀጥል?

ወጪ
የአሥር ዓመት ግብ፦ ዛሬ 600,000 ብር ለሚጠይቅ ሱቅ በወር 5,000 ብር የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። ዋጋ በዓመት 15 በመቶ ከጨመረ በአምስት ዓመት እጥፍ፣ በአሥር ዓመት አራት እጥፍ ይሆናል፤ 600,000ው 2.4 ሚሊዮን ደረሰ ማለት ነው። ግቡን በብር ሳይሆን በዕቃ ይጻፉት፦ «200 ጣቃ ጨርቅ»። ብሩን በየመስከረሙ እንደገና ያስሉ፤ የተጠራቀመውንም ቶሎ ወደ ዕቃ ይለውጡ።
የዓመት ዕቅድ፦ ዕቁብ ይበቃዋል።

ቅለት
የዓመቱ ይቀላል። የሩቁ ግብ ይረሳል፤ በርጫ ላይ የተወጠነ ትልቅ ሐሳብማ ማታውኑ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ከምርቃናው ጋር ይበናል።

አደጋ
የዓመት ዕቅድ፦ ጉዳቱ ድምፅ የለውም። ዕቁቡ በወጣ ቁጥር ለድግስ ወይም ለስልክ ይውላል፤ ሰውየው ከአምስት ዓመት በኋላም እዚያው መደብ ላይ ነው።
የአሥር ዓመት ግብ፦ ግቡንና መንገዱን አንድ አድርጎ መያዝ ያከስራል። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ መሐል ላይ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ተተክቷል። መንገዱ ቢለወጥም ሐዲዱ አዲስ አበባ መድረሱ ግን አልቀረም።

ለማን?
ዕዳ ላለበት ወይም የሦስት ወር ወጪ ላልያዘ፦ የዓመቱ። ገቢው ለረጋ፣ በተለይ ዕቁቡ ሁለት ጊዜ ወጥቶለት በምን እንዳለቀ ለማያስታውስ፦ የአሥር ዓመቱ።