ፊልሙ ዝም ሲል አዳራሹ ይሰማል፦ «ዘ አርቲስት»ን ከማየትዎ በፊት

ጥር 2012 ላይ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሊቨርፑል በሚገኝ የኦዲዮን ሲኒማ ቤት ጥቂት ተመልካቾች ከአዳራሽ ወጥተው የትኬት ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ፊልሙ ክፉ ነው አላሉም፤ ቅሬታቸው ተዋናዮቹ አይናገሩም የሚል ነበር። ሲኒማ ቤቱም ፊልሙ በተጀመረ በ10 ደቂቃ ውስጥ ለሥራ አስኪያጁ ያመለከተ ተመልካች ገንዘቡ እንዲመለስለት ወይም ሌላ ፊልም እንዲያይ የሚፈቅድ ደንብ ነበረው። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ብዙ ሰው ሳቀባቸው። መሳቁ ግን ልክ አይመስለንም። ጥሬ መሆኑ ሳይነገረው ክትፎ የቀረበለት የውጭ አገር እንግዳ ቢደነግጥ ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ መጀመሪያ ምን እንደሚቀርብልዎ እንንገርዎ። «ዘ አርቲስት» ፈረንሳዊው ሚሼል አዛናቪሲየስ ዳይሬክት ያደረገው፣ 2011 ላይ የወጣ፣ 100 ደቂቃ የሚወስድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ታሪኩ ከ1927 እስከ 1932 ባለው ጊዜ ሆሊውድ ውስጥ ያልፋል። ዣን ዱዣርዳን የሚጫወተው ጆርጅ ቫለንቲን የድምፅ አልባ ፊልም ንጉሥ ነው፤ ድምፅ ሲመጣ «አልናገርም» ብሎ ይወድቃል። ቤሬኒስ ቤዦ የምትጫወታት ፔፒ ሚለር ደግሞ ከአጃቢ ተዋናይነት ተነስታ በዚያው ድምፅ ትወጣለች። ንግግሩ በጽሑፍ ካርድ ይመጣል፣ የቀረውን ፊትና ሙዚቃ ይናገሩታል። 2012 ላይ ለ10 ኦስካር ታጭቶ 5 ወሰደ፦ ምርጥ ፊልም፣ ዳይሬክተር፣ ወንድ ተዋናይ፣ አልባሳትና ማጀቢያ ሙዚቃ። 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ከ130 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። እናም ገንዘቤን መልሱ ያሉት ጥቂቶች ነበሩ ማለት ነው።

«ድምፅ አልባ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ዱሮም ቢሆን እነዚህ ፊልሞች በዝምታ አይታዩም ነበር፤ ፒያኒስት ወይም ሙሉ ኦርኬስትራ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ያጅባቸዋል። እዚህም ሉዶቪክ ቡርስ የደረሰው ሙዚቃ ከሞላ ጎደል ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ይሸኘዋል። ጸጥታ የሚወርድባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም ሆን ተብለው የተቀመጡ ናቸው። (አዲስ አበቤ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ በሰየመበት ዘመን የሚታየው ፊልም ሁሉ እንዲህ ያለ ነበር። ያን ጊዜ ሰውን ያስበረገገው የሥዕሉ መንቀሳቀስ ነው፤ ዛሬ የሚያስበረግገው የድምፁ መጥፋት ሆነ።)

የመጀመሪያው ጸጥታ መክፈቻው ላይ ነው፣ የተመልካቹም ዕጣ እዚያው ይወሰናል። በታሪኩ ውስጥ አንድ ፊልም እየተመረቀ ነው፤ አዳራሹ ሞልቷል፣ ኦርኬስትራው ይጫወታል፣ ተዋናዮቹ ከስክሪኑ ጀርባ ቆመው ይጠብቃሉ። ፊልሙ ያልቃል፣ ሙዚቃውም ቀጥ ይላል። ካሜራው የተዋናዮቹ ፊት ላይ ይቆያል፤ ከዚያ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እናያለን፣ ጭብጨባው ግን አይሰማም። በዚህች ቅጽበት ቤት ውስጥ የሚያይ ሰው ሪሞት ያነሳል፣ ሲኒማ ቤት ያለው ደግሞ ዞሮ ወደ ፕሮጀክተሩ ያያል። ምንም አልተበላሸም። ድምፁን እንዳይጨምሩ፤ ከጨመሩ ሙዚቃው ሲመለስ ጆሮዎን ይመታዎታል። ትክክለኛው የድምፅ መጠን ኦርኬስትራው ሲጫወት ምቾት የሚሰጥዎ ነው፤ እዚያ ላይ ያስተካክሉና እስከ መጨረሻው አይንኩት።

ከዚህ በኋላ የሚሰማው አዳራሹ ነው። የፈንዲሻው መንኮሻኮሽ፣ ሳሉ፣ የወንበሩ ሲጢጥታ፣ ኋላ ረድፍ ያለው ሰው ቀድሞ መሳቁ፣ ሁሉም የፊልሙ ድምፅ ይሆናሉ። ስለዚህ ይህ ፊልም ሁለት ዓይነት ዕቃ ነው። ሞልቶ በተቀመጠ አዳራሽ ሳቅ ይጋባል፤ ከንግግር ጋር ስለማይሻማ ማንም «ዝም በሉ» አይልም። ብቻዎን በላፕቶፕ ሲያዩት ግን ያው ቀልድ ፈገግ አሰኝቶ ያልፋል። ምርጫ ካለዎ ቢያንስ አምስት ስድስት ሰው ሰብስበው ይዩት።

ሰው የሚሰለችበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የዓይን ልማድ ነው። እኛ ቴሌቪዥንን በጆሮ ማየት ለምደናል፦ ቡናው እየተቆላ፣ ሽንኩርቱ እየተከተፈ ድራማው ከሳሎን ይሰማል፣ ስልክ እየነካኩም ታሪኩ አያመልጥም። ይህ ፊልም ያንን አይፈቅድም። አሥር ሰከንድ አንገትዎን ካቀረቀሩ አንድ ካርድ ወይም አንድ እይታ ያልፍዎታል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ትርጉም ያጣል፣ ከዚያ «ምንም የማይሆንበት ፊልም» ይመስላል። ሌላው ችግር የካርዶቹ ነው። ከንፈር ሲንቀሳቀስ ጽሑፍ የሚጠብቅ ተመልካች ይናደዳል፤ ዳይሬክተሩ ብዙውን ንግግር ያለ ካርድ ትቶታልና። የተባለውን ቃል በቃል ማወቅ አያስፈልግም፣ ከካርድ በፊት የነበረውን ፊት ማንበብ ይበቃል። ይህ በተነገራቸውና ባልተነገራቸው ተመልካቾች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው።

ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን የፊልሙ ምርጥ ክፍል፣ የጆርጅ ቅዠት፣ ይመጣል። ጆርጅ በመልበሻ ክፍሉ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፤ ብርጭቆውም ቃ ይላል። ስልኩ ይጮኻል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ከደጅ የሴቶች ሳቅ ይሰማል፤ ድምፅ የሌለው እሱ ብቻ ነው። አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያዋን «ቃ» ከአጠገባቸው የሰሙ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ ዞር ዞር ይላሉ። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ መሳቅ እንዳለበት አያውቅም፤ ቅዠቱም የሚሠራው በዚህ መወላወል ነው። ቅዠቱ ሲያበቃ አንዲት ላባ ወርዳ መሬት ስትነካ የሚሰማውን ታላቅ ድምፅ ለማግኘት ብቻ እንኳ ጥሩ ስፒከር ያስፈልጋል።

ስለ ምስሉ ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ቀረጻው በሰከንድ 22 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) ሆኖ የሚታየው በ24 ነው፤ ስለዚህ እንቅስቃሴው 9 በመቶ ያህል ይፈጥናል። የድሮ ፊልም መንፈስ ያለበት ነገር ግን የማያስቅ ፍጥነት ነው። ቀረጻው በባለ ቀለም ፊልም ተደርጎ ነው በኋላ ወደ ጥቁርና ነጭ የተለወጠው፤ ግራጫው ለስላሳ የሆነው፣ የጥቁሩ ሱፍ እጥፋት ሁሉ የሚታየው የካሜራ ባለሙያው ጊዮም ሺፍማን ስለተጠነቀቀበት ነው።

ይህን ሁሉ የዛሬ ቴሌቪዥን በአንዲት መጥፎ ሴቲንግ ያጠፋዋል። ምስሉ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ወደ ካሬ የተጠጋ ስለሆነ ግራና ቀኙ ጥቁር መሆን አለበት። «ዙም» ወይም «ስትሬች» ካደረጉት ወይ የተዋናዮቹ አናትና እግር ይቆረጣል (መጨረሻ ላይ ደግሞ እግር ነው የሚፈለገው)፣ ወይ ሁሉም ሰው ወፍራም ይሆናል። የሥዕሉን ሁኔታ ከ«ቪቪድ» ወደ «ሲኒማ» ይለውጡ፤ «ቪቪድ» ነጩን ያቃጥለዋል፣ ጥቁሩን ያደፍነዋል፣ አንዳንዱ ቴሌቪዥን ላይም ሰማያዊ ያጠላበታል። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ሴቲንግ ያጥፉ፤ በፍሬም መካከል የሌለ ፍሬም ስለሚፈጥር ዳንሱን ቅባት የተቀባ ያስመስለዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድምፅን በራሱ የሚያመጣጥነውን «ኦቶ ቮሊዩም» ወይም «ናይት ሞድ» ይዝጉ። እሱ ጸጥታውን ከፍ፣ ጩኸቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ያች ላባ ላባ ሆና ትቀራለች።

በፕሮጀክተር ለሰው የምታሳዩ የፊልም ክበቦች የማሽኑን ማራገቢያ አትርሱ። በሌላ ፊልም ንግግሩ ይሸፍነዋል፤ እዚህ ግን በጸጥታው ቦታ ሁሉ እንደ ንብ ይጮኻል። ፕሮጀክተሩን ከተመልካቹ ኋላ አርቃችሁ ከፍ አድርጉት፣ አምፖሉን ኃይል ቆጣቢው «ኢኮ» ላይ አድርጉት። መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ከሆነ ሌላ ቀን ይሻላል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ፊልሙ መሀሉ ላይ ይጎትታል። ጆርጅ ይከስራል፣ ዕቃው ይሸጣል፣ ይጠጣል፣ እንደገና ይጠጣል። ኩራቱ አንድ ዓይነት፣ የፔፒም ደግነት አንድ ዓይነት ስለሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ይገመታል። ሚስቱ ከኩርፊያ በቀር የተሰጣት ነገር የለም። እዚህ ቦታ ላይ ተመልካቹን ከእንቅልፍ የሚያድነው ውሻው ኡጊ ነው፤ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ለውሾች የሚሰጠውን «ፓልም ዶግ» የተሸለመውም በከንቱ አይደለም። ሾፌሩን የሚጫወተው ጄምስ ክሮምዌልም በጥቂት ደቂቃ ብዙ ይሠራል።

መጨረሻው አካባቢ ሌላ ነገር አለ፤ የሚከፋው ፊልም አዋቂውን ነው። በጣም ከባዱ ትዕይንት ላይ የሚሰማው ሙዚቃ የቡርስ አይደለም፤ በርናርድ ሄርማን 1958 ላይ ለሂችኮክ «ቨርቲጎ» የጻፈው ነው። ሙዚቃውን የማያውቅ ሰው እንባው ይመጣል፤ የሚያውቅ ሰው ከፊልሙ ወጥቶ ሌላ ፊልም ውስጥ ይገባል። የ«ቨርቲጎ» ተዋናይት ኪም ኖቫክ 2012 ላይ በይፋ ተቃውማለች። የሄርማን ስም መጨረሻ ላይ ተጠቅሷል፣ ስርቆት አይደለም። ቢሆንም 80 ደቂቃ ያህል በአብዛኛው በራሱ ሙዚቃ የቆመ ፊልም እዚያ ላይ መበደሩ ድክመት ነው እንላለን።

እንግሊዝኛ ለማያነቡ ልጆችና አረጋውያን ማሳየት ይቻላል፤ እንዲያውም የሚመች ነው፣ ካርዶቹ ጥቂትና አጫጭር ናቸውና። አንድ ሰው በአማርኛ ያንብብላቸው፤ ግን ካርዱ ሲወጣ እንጂ ቀድሞ አይደለም፣ ማብራሪያም አይጨምር። በተለይ ወደ መጨረሻው አንዲት ቃል ብቻ ያለባት ካርድ አለች። አንባቢው እሷን አንብቦ አፉን ይያዝ፤ ቀጥሎ ያለው ሥዕል ይመልስላቸዋል። መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች ከብዙ ፊልም የተሻለ ነው፤ በሁለት ቦታ ግን የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል፦ ቅዠቱ ላይ፣ እዚያ ቀልዱ ድምፁ ራሱ ስለሆነ፣ እና መዝጊያው ላይ።

መዝጊያው ላይ ሁለቱ ይደንሳሉ። ወራት የተለማመዱት ነው፣ እግራቸው ላይ ይታያል። ብዙ ሰው ዳንሱ ሲያልቅ ቦርሳውን ይዞ ይነሳል። አይነሱ። ከዚያ በኋላ ትንፋሽ ይሰማል፣ ጆርጅም አንዲት አጭር መልስ ይመልሳል። ይህ ሰው 100 ደቂቃ ሙሉ ለምን «አልናገርም» እንዳለ የሚገባዎ ያኔ ነው፤ ቃሉን ሳይሆን አነጋገሩን ያዳምጡ።