ውሃ የምትፈሩ ሁሉ፣ ጣና ዳር አንድ ሰው አሉ

ሰላም ወገኖች። ይህን ከጻፍኩት መቆየት ነበረበት፤ ሥራ ስጀምር ጊዜ አጣሁ።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። ዱባይ ምግብ አብሳይ ሆኜ ስሠራ ቆይቼ፣ ባሕር ላይ ያለ የነዳጅ ማውጫ ወጥ ቤት ውስጥ ደሞዙ የተሻለ ሥራ ተገኘልኝ። ግን እዚያ የሚሄድ ሰው፣ ሽንኩርት ከታፊም ቢሆን፣ የደህንነት ስልጠና ማለፍ አለበት። እሳት ማጥፋቱና የመጀመሪያ እርዳታው አላስጨነቀኝም። ጉዱ ወደዚያ የሚወስደን ሄሊኮፕተር ባሕር ላይ ቢወድቅ የመውጣቱ ልምምድ ነው። ሄሊኮፕተር በሚመስል ነገር ውስጥ በቀበቶ ታስረህ ገንዳ ውስጥ ትገባለህ፣ ይገለብጡታል፣ ተዘቅዝቀህ በመስኮት ትወጣለህ። ዋና መቻል ግዴታ አይደለም ይላሉ። እሺ፣ ፊቱን ሲታጠብ እንኳ ትንፋሹ ቁርጥ የሚል ሰውስ? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ እኔን አስፈራኝ እንጂ አልጠማኝም።

አንድ ደላላ "ገንዳ ሳትነካ ሰርተፊኬት አወጣልሃለሁ" አለኝ። የሦስት ወር ቁጠባዬን ሰጠሁት። ማህተሙ ሲያምር! ድርጅቱ ቁጥሩን ፈልጎ አጣውና ወረቀቱን መለሰልኝ። ደላላው ስልኩን ዘጋ፣ እስከዛሬ ዝግ ነው። የእኔም ጥፋት አለበት፣ አልክድም። ከዚያ አንድ መዋኛ ተመዘገብኩ። አስተማሪው በመጀመሪያው ቀን ከኋላ ገፍትሮ ከተተኝ። ውሃ ጠጥቼ እያሳለኝ ስወጣ ሰው ሁሉ ይስቃል። ያን ቀን ወጥቼ አልተመለስኩም።

ፈቃድ ወጥቼ አገር ቤት ስገባ የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር ከእኚህ ሰው ጋር አገናኘችኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። ዳር ዳሩ ቢልሃርዚያ አለበት ብለው በጀልባ ወደ ውስጥ ነው የሚወስዱት። ሦስተኛው ቀን ላይ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ለብሼ ጀልባው ጠርዝ ላይ ቆምኩ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። "ዝለል" አላሉኝም። እሳቸው ቀድመው ገቡና ተንጋለው "አይዞህ ልጄ፣ እስክትመጣ እዚሁ ነኝ" አሉኝ። ጠዋት ነው፣ ውሃው ይቀዘቅዛል። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቁኝ። ከንፈራቸው ሲጠቁር አያለሁ። በመጨረሻ አፍሬ ገባሁ እላችኋለሁ! አንድ እጅ አፍንጫ ላይ፣ አንድ እጅ ጃኬቱ ላይ፣ ዓይን ፊት ለፊት፣ ከዚያ እርምጃ። መዝለል አይደለም፣ እርምጃ ነው።

ስወጣ ከፔርሙስ ሻይ ቀዱልኝ፤ የራሳቸው እጅ እየተንቀጠቀጠ። የተስማማነው ለሳምንት ነበር፣ ዐሥር ቀን አስተማሩኝ። የተረፈውን ቀን ልክፈል ስል ተቆጡኝ።

ዱባይ ተመልሼ ሲገለብጡኝ የእሳቸው ድምፅ ነው የመጣልኝ፦ "ውሃ ሲውጥህ መጀመሪያ ቁጠር፣ እጅህ ከዚያ ይሠራል።" ቆጠርኩ። ወጣሁ። አብሮኝ የነበረው ዋናተኛ ነኝ ባይ ሁለቴ ደገመው።

ባሕር ላይ ሥራ የምትፈልጉ፣ ወደ ደላላ ከመሮጣችሁ በፊት ወደ ጋሼ ሂዱ። እባካችሁ ሂዱ። ልጆቻችሁንም ውሰዷቸው። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ከልክለውኛል፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት እድሜ ይስጥልኝ። ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው 4 ዓመት ነው፣ ከዚያ እንደገና ይገለብጡኛልና እመጣለሁ።

እናቴ ሆቴል ቀየረ ብላ ነው የምታምነው። ወጥ ቤቱ ባሕር ላይ መሆኑን ገና አልነገርኳትም።