መሰላል የለንም ያለኝ ልጅ መሰላሉን ከየት አመጣው?

የተከራየነውን ሞተርሆም፣ ያው አልጋና ኩሽና ውስጡ ያለውን መኪና፣ ከመለስን ገና 3 ሰዓት አልሞላም፣ እጄ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። ዲፖዚቴ፣ ለመያዣ ያስያዝኩት ገንዘብ፣ ሙሉ በሙሉ ቀልጧል።

እነዚህን አከራዮች ታውቋቸዋላችሁ። በስልክ ማር ናቸው፣ ፎቶው ላይ መኪናው ባህር ዳርቻ ላይ ቆሞ ፀሐይ እየጠለቀች፣ ከስሩ "ፉል ኢንሹራንስ" በትልቁ ተጽፎ። ርክክብ ቀን በ8 ሰዓት ኑ ብለው እስከ 10 ተኩል ይገትሯችኋል፣ ከዛ ድንገት ቢሮ ሊዘጋ ነው ይባልና ጥድፊያ። እኛም ላይ የሆነው ያው ነው፣ አዲስ ነገር የለውም፣ አዲሷ ሞኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ከባለቤቴ ጋር ለ9 ቀን ነው የተከራየነው። አብረውኝ የተማሩ 3 ጓደኞቼ በባህሩ ዳርቻ ተበታትነው ነው የሚኖሩት፣ ስንት ዓመት ሙሉ "እንገናኝ እንገናኝ" እየተባባልን በስልክ አርጅተናል። ሰው ቤት ፍራሽ ከማስነጠፍ ቤታችንን እየነዳን ሄደን ደጃፋቸው ላይ እናቁም አልን። ሀሳቡ የኔ ነው፣ ይሄንንም ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ ሁለቴ አስታውሶኛል።

ያስረከበን ልጅ ሃያ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው። ትህትናው! "እናቴ ይሄ ጋዙ ነው፣ እናቴ ይሄ የእጣቢ ውሃ ታንክ ነው፣ የሽንት ቤቱን ካሴት፣ ማጠራቀሚያ ሳጥኑን፣ በዚህ በኩል ስበው ነው የሚደፉት"፣ ፍሪጁ በጋዝም በባትሪም በመብራትም ይሰራል፣ መኪናው ዘመም ብሎ ከቆመ ግን በደንብ አያቀዘቅዝም ብሎ ሳይቀር አስረዳኝ። የያዘው ወረቀት ላይ የመኪናው ስዕል አለ፣ ፊቱ፣ ኋላው፣ ግራው፣ ቀኙ። ጭረት ያለበት ላይ ኤክስ እያደረግን ዞርን፣ በሩ ስር አንድ፣ የኋላ ፓራውልቱ ላይ ሁለት። ባለቤቴ "ጣሪያውስ?" አለ። ልጁ ሳቅ ብሎ "አባቴ መሰላል እኮ የለንም፣ ጣሪያውን ደግሞ ከወፍ በቀር ማን ያየዋል" አለ። እኔም ሳቅኩ። አዎ ሳቅኩ። ጭራሽ ባለቤቴን በክርኔ ጎሸም አድርጌ "አታስመሽን፣ ሰው እየጠበቀን ነው" አልኩትና 4 ቦታ ፈረምኩ። ጣሪያው ስዕሉ ላይ እንደሌለ ያየሁት ዛሬ ነው።

ጉዞው ግሩም ነበር፣ የሚያናድደውም እሱ ነው። በ3ኛው ቀን ሁለተኛዋ ጓደኛዬ ጋ ደረስን፣ ቤቷ ፎቅ ነው፣ እኛን ለመቀበል ከላይ በረንዳ ላይ ወጥታ ቁልቁል ስታየን "አንቺ! ቤትሽ ራሱን ተፈንክቷል እንዴ?" ብላ ጮኸች። ወጥተን አየን፣ እውነትም ከስካይላይቱ፣ ከጣሪያው መስኮት፣ ጀርባ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ጭረት፣ ዳሩ በሲሊከን ማሸጊያ ተለብጧል፣ ሲሊከኑ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ሻጋታ ይዟል። እዛው ቆመን ተሳሳቅን። ፎቶ አነሳሁ፣ ግን ያነሳሁት ጓደኛዬን ነው፣ ጭረቱ ጥግ ላይ ገብቶ ይታያል። ያኔውኑ ደውዬ "ይሄ ነገር ቀድሞ የነበረ ነው" ብል፣ ሁለት መስመር ሜሴጅ ብልክ ምን ነበረበት? ጨዋታ ላይ ነበርኩ፣ ስንመልስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተውኩት። ማታ ዝናብ ሲጥል ባለቤቴ ግንባር ላይ ጠብ ጠብ ሲል እንኳን ድስት ደቅነን ተኛን።

እሺ ዛሬ። የወጣው ያው ልጅ ነው። ሰላምታ የለም። ጎኑን አላየ፣ በሩን አልከፈተ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጋራዡ ገባና ምን ይዞ ቢወጣ ጥሩ ነው? መሰላል። አሉሚኒየም፣ የሚዘረጋ፣ የድርጅቱ ስም የተለጠፈበት። ሌላ ቦታ ሳይሞክር ስካይላይቱ ትይዩ አስደገፈው፣ ወጣ፣ ፎቶ ቀጭ ቀጭ አደረገ፣ ወረደ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና "ጣሪያ ተመትቷል፣ ጣሪያ ደግሞ ኢንሹራንሱ አይሸፍንም" አለኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ፈልጎ እኮ አይደለም ያገኘው፣ የት እንዳለ ያውቀዋል።

"መሰላል የለንም አላልከኝም?" አልኩት።

"ያኔ አልነበረንም፣ ሰሞኑን ነው የተገዛ።"

የተለጠፈው ስም በፀሐይ ነጥቶ ግማሹ አይነበብም።

ቢሮ ገባን። እዛ ያለችው ሴትዮ አይኗን ከስልኳ ሳታነሳ ውሉን ገለጥ ገለጥ አድርጋ በጥፍሯ አንድ መስመር መታች፣ ጣሪያ፣ የመኪናው ሆድ፣ ጎማ፣ መስታወት አይሸፈንም ይላል። "አንብበሽ አይደል እንዴ የፈረምሽው፣ ሴትዮ?" አለችኝ። በ9 ቀን ከእናቴ ወደ ሴትዮ ወረድኩ። ቅርንጫፍ ወይ ድልድይ ነክቶን ቢሆን ከፊት ጀምሮ ነበር የሚፍቀው፣ የፊቱ ጣሪያ ንፁህ ነው አልኳት፣ ደግሞም ቁመቱ 3 ሜትር ገደማ ነው ስለተባለ ባለቤቴ ዝቅ ያለ ነገር ባየ ቁጥር ወርዶ እየለካ ነው ያሳለፈን። ዝም። የጓደኛዬን ፎቶ አሳየኋት። "3ኛ ቀን ከ1ኛ ቀን በኋላ ነው የሚመጣው" አለችኝና ልጁን አየችው፣ ሁለቱም ፈገግ አሉ። ሲሊከን በ3 ቀን ቢጫ ይሆናል ወይ ስላት "እሱን እኛ አንመልስም"። መኪናው ለጥገና የሚቆምበት ቀን ኪራይም ታስቦብኛል። የሚጠገን ከሆነ ነዋ! እኔን እንደሚመስለኝ ያቺ ጭረት እዛ ቤት ተቀጣሪ ናት፣ በየወሩ ደሞዝ ይዛ ትገባለች።

ብቻ የምትከራዩ ካላችሁ ጣሪያውን ሳታዩ እንዳትፈርሙ፣ መሰላል የለም ካሉ ስልካችሁን ሰልፊ ስቲክ ላይ አድርጋችሁ ከላይ ቪዲዮ ቅረፁ፣ ያገኛችሁትን እዛው ወረቀቱ ላይ አስጽፉ። የጎማውንም እድሜ እዩ፣ ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሁፍ ጫፍ 4 ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ እንደ ፈረንጆቹ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ማለት ነው። ዲፖዚቱን ደግሞ በጥሬ ገንዘብ እንዳትሰጡ፣ በክሬዲት ካርድ ከሆነ ቢያንስ ባንካችሁ ጋ ሄዳችሁ ክፍያውን አልቀበልም ማለት ትችላላችሁ።

እኔም ነገ በጠዋት ባንክ ነኝ። ጓደኛዬ ከበረንዳዋ በራሷ ስልክ ያነሳቻቸው ፎቶዎች እንዳሉ አሁን ደውላ ነገረችኝ፣ አንዱ ላይ ሻጋታው ራሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል አለች፣ እየላከችልኝ ነው።