ቀለም የሚቀይረው ሞዴስ፦ ከእኔ 3 ኮከብ

የእርግዝናዬ 17ኛ ሳምንት ላይ ነበርኩ። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ የሆነ ነገር ጠብ አለኝ። ብዙ አይደለም፤ የውስጥ ሱሪዬን እርጥብ አደረገው፣ በቃ። ሽንት ነው ብዬ ተውኩት። ከሰዓት በኋላ ደገመኝ። ክትትል ወደማደርግበት ክሊኒክ ብደውል ስልኩን ያነሳው ሰው ነገሬን እንኳን ሳልጨርስ «ሽንት ነው እናቴ፣ አይዞሽ» ብሎ ዘጋው። ባለቤቴ ፋርማሲ ሄዶ የሚፈሰው ሽንት ይሁን የእንሽርት ውሃ (ልጁ ማህፀን ውስጥ የሚንሳፈፍበት ውሃ) ለመለየት የሚረዳውን ያንን ሞዴስ ይዞልኝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሲያዩት ተራ ሞዴስ ነው። መሀሉ ላይ ተስቦ የሚወጣ ስስ ቢጫ ቁራጭ አለው፤ ሥራው ሁሉ እሱ ላይ ነው። ጤነኛ ብልት አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ3.8 እስከ 4.5 ይሆናል። የእንሽርት ውሃ ግን 7 እና ከዚያ በላይ ነው። ፈሳሹ አሲዳማ ከሆነ ቁራጩ ቢጫነቱን አይለቅም፤ ካልሆነ ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይዞራል። ሽንትም ሊቀይረው ስለሚችል አውጥተሽ 30 ደቂቃ ታደርቂዋለሽ። ወደ ቢጫ ከተመለሰ ሽንት ነው፤ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው ካልለቀቀ ወደ ሐኪም።

አያስቸግርም፣ አይቆጠቁጥም። በዚህ አላማውም።

ያቺን 30 ደቂቃ ግን አልረሳትም። ቁራጩን ሶፍት ላይ አስቀምጠን እኔና ባለቤቴ መብራት ሥር ተቀምጠን አፈጠጥንበት። «ይሄ አረንጓዴ ነው ወይስ ገና እርጥብ ስለሆነ ነው?» ይለኛል። እኔ መልስ አልነበረኝም። ሰዓቱ ሞላ። ጫፉ ላይ ያለው አረንጓዴ ንቅንቅ አላለም። ማሸጊያው ላይ ካለው ሥዕል ጋር ሦስት ጊዜ አስተያየነው። ከዚያ ጫማዬን አደረግኩ።

የሄድኩት ሌላ ሆስፒታል ነው፤ ድንገተኛ ክፍል። ሐኪሟ ጥቂት በጀርባዬ አስተኛችኝ፤ ፈሳሽ ካለ እንዲጠራቀም ነው። ጣቷን አላስገባችም። ሽርቱ (ውሃውን የያዘው ከረጢት) ተቀዶ ከሆነ ጣት ማስገባት ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል አለችኝ። ንጹህ ስፔኩለም (ብልትን ከፍቶ ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ) አስገብታ «እስቲ ሳል አድርጊ» አለችኝ። ሳልኩ። ምንም አልወረደም። በጥጥ ናሙና ወስዳ መስታወት ላይ ቀባችው። የእንሽርት ውሃ ቢሆን ሲደርቅ በማይክሮስኮፕ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ ቅርጽ ያሳይ ነበር። የኔ አላሳየም። ያሳየው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነው! ለካ ኢንፌክሽኑ ራሱ ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋል። ደምና የወንድ ዘርም እንደዚያው።

ከዚያ አልትራሳውንድ። ከ16ኛው ሳምንት ገደማ ወዲህ የእንሽርት ውሃ በአብዛኛው የልጁ ሽንት ነው። ልጁ ይውጠዋል፣ መልሶ ይሸናዋል። በ16ኛው ሳምንት ጠቅላላው ወደ 200 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ ብርጭቆ እንኳን በወጉ አይሞላም። ከዚያ ላይ ሲቀነስ የልጁ ሳንባ በደንብ እንዳያድግ ያሰጋል፤ የፈራሁትም ይሄንኑ ነበር። ሐኪሟ ከሁሉ ጥልቅ የሆነውን የውሃ ኪስ ለካችው፤ 4.6 ሴንቲ ሜትር። ከ2 እስከ 8 ደህና ነው። ልጁ እግሩን ያወራጫል፤ ስለ እኛ ጭንቀት ምን ገዶት።

በነገራችን ላይ ስክሪን ላይ ሲያስደነግጠኝ ይሄ ሁለተኛዬ ነው። በ9ኛው ሳምንት ልጁን የከበበ ክር የመሰለ መስመር አይቼ ሽርቱ ተላቀቀ ብዬ አልቅሻለሁ። ለካስ ሽርቱ ሁለት ሽፋን ነው፤ የውስጡና የውጪው የሚጣበቁት ከ14 እስከ 16ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ተለያይተው መታየታቸው ጤና ነው። ያኔ ማንም አልነገረኝም።

ወደ ሞዴሱ ልመለስ። ቢጫ ሆኖ ከቀረ ብዙ ጊዜ ያረጋጋል፤ ፈሳሹ ቆም እያለ የሚመጣ ከሆነ ግን ሊያመልጠው ይችላል። ቀለም ሲቀይር ደግሞ «ሂጂና ታዪ» ከማለት ያለፈ ነገር አይነግርሽም። ትኩሳት፣ ደም ወይም መጥፎ ሽታ ካለሽ፣ ወይም ውሃው ዥው ብሎ ከወረደ፣ ሞዴስ አድርገሽ የምትጠብቂበት ምክንያት የለም፤ በቀጥታ ሂጂ። ሁለቱን ኮከብ የቀነስኩበት ኢንፌክሽን ቀለሙን ሊቀይር እንደሚችል የሚያወራው መስመር ስለተደበቀ ነው። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ በጉንዳን ፊደል።

ለኢንፌክሽኑ የታዘዘልኝን መድኃኒት፣ ሜትሮኒዳዞልን፣ በ7 ቀን ጨረስኩ፤ እርጥበቱም ቆመ። ከፓኬቱ ሁለት ሞዴስ ተርፎኝ ነበር። አንዱን 15ኛ ሳምንቷ ላይ ያለች ጓደኛዬ ወሰደችው። ወረቀቱንም ጨምሬ ሰጠኋት፤ ያቺን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አስምሬባት።