ለመልክዓ ምድር ፎቶ፦ ፉል ፍሬም ወይስ ክሮፕ? ሰፊ ሌንስ ወይስ ረጅም?

ጎንደር ላይ ካሜራ የያዘ ሰው እንጀራው ባብዛኛው ሠርግ ነው። የጥር ሠርግ አልፎ ጥቂት ብር ሲተርፍ ግን ብዙዎቻችን የምናስበው ደባርቅን አልፎ ስላለው የስሜን ተራሮች ገደል ነው። ያኔ ጥያቄው ይመጣል፦ ያጠራቀምኩትን ፉል ፍሬም ቦዲ (ሰፊ ሴንሰር ያለው ካሜራ) ልግዛበት ወይስ ባለኝ ክሮፕ (ሴንሰሩ አነስ ያለ) ካሜራ ላይ ሌንስ ልጨምር? ሁለቱንም ይዤ ወጥቻለሁ። ለእኛ አገር መልክዓ ምድር ሌንስ ይቀድማል፤ ከሌንስም ረጅሙ፣ ሩቁን የሚያቀርበው፣ ይቀድማል ባይ ነኝ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገዛው ግን ሰፊውን፣ ብዙ ቦታ የሚያካትተውን ነው።

ሴንሰሩ ምን ይለውጣል?

ሴንሰር ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ገጽ ነው፤ የፉል ፍሬሙ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የኒኮንና የሶኒ ክሮፕ 23.5 በ15.6 ገደማ ሲሆን የካኖኑ ትንሽ ያንሳል፤ 22.3 በ14.9 ነው። ማይክሮ ፎር ሰርድስ የሚባለው 17.3 በ13 ነው። የፉል ፍሬሙ ገጽ የክሮፑን ከሁለት እጥፍ በላይ፣ የማይክሮ ፎር ሰርድሱን ወደ አራት እጥፍ ይሆናል። አፐርቸሩ (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ) እና ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) እኩል ከሆነ ሰፊው ገጽ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ ብርሃን ሲበዛ ጥላው ውስጥ የሚታየው ኖይዝ (ነጠብጣብ) ይቀንሳል።

ታዲያ ይህ መቼ ይታያል? ረፋድ ላይ ካሜራውን ስታንድ ላይ አቁማችሁ በአይ ኤስ ኦ (የብርሃን ንቃት መጠን) 100 ካነሳችሁ፣ ልዩነቱን ለማየት ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ አጉልታችሁ መፈለግ አለባችሁ። ብርሃን ቢያንስም ሹተሩን ማቆየት ነው፤ ተራራው አይሄድም። ይህ የማይሠራው የምታነሱት ነገር ሲንቀሳቀስ ነው፦ የከተራ ሌሊት በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ጧፍ ይዞ የቆመ ሕዝብ፣ ስሜን ውስጥ ጨነቅ ላይ የወጣ ኮከብ፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ጓሳ። እዚያ አይ ኤስ ኦ 3200 ላይ መውጣት ግድ ነው፤ ፉል ፍሬምም ዋጋውን የሚያወጣው እዚያ ነው። ንጋት ላይ ሰማዩ ነጭ፣ ገደሉ ጥቁር ሲሆንም ጥላውን ከራው ፋይል (ካልተቀነባበረው ጥሬ ፎቶ) ላይ ማብራት በፉል ፍሬም ይቀላል። በክሮፕ ግን አንዱን ለሰማይ፣ አንዱን ለገደል አንስቶ ማዋሃድ ይቻላል። እኔ ለዓመታት የሠራሁት እንዲህ ነው።

የሴንሰር ስፋትና ሜጋፒክስል አንድ አይደሉም። ካኖን 6ዲ ፉል ፍሬም ሆኖ 20.2 ሜጋፒክስል ነው፤ ክሮፑ ካኖን 200ዲ ደግሞ 24.2። ሃያ አራት ሜጋፒክስል በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 50 በ34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ለሳሎን ግድግዳ ይበቃል።

ሴንሰሩ ሲቀየር ግን ለአንድ ዓይነት ፎቶ የሚያስፈልገው የሌንስና የአፐርቸር ቁጥር አብሮ ይቀየራል፦

| ሴንሰር | እኩል እይታ የሚሰጥ ሌንስ | እኩል ጥራት ከቅርብ እስከ ሩቅ የሚሰጥ አፐርቸር |
|---|---|---|
| ፉል ፍሬም | 24 ሚ.ሜ. | ኤፍ 11 |
| ክሮፕ (ከፉል ፍሬም 1.5 ጊዜ ያነሰ) | 16 ሚ.ሜ. | ከኤፍ 7.1 እስከ 8 |
| ማይክሮ ፎር ሰርድስ | 12 ሚ.ሜ. | ኤፍ 5.6 |

ስለዚህ ከፉል ፍሬም ተጠቃሚ ሰምታችሁ ክሮፕ ካሜራ ላይ አፐርቸሩን እስከ ኤፍ 16 አትዝጉ፤ የኤፍ ቁጥር ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ፎቶው ይፈዛል። ክሮፕ ላይ 16 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 8፣ ፎከሱን 1.6 ሜትር ግድም ላይ አድርጉ፤ ከ80 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ይጠራል።

ሰፊው፣ መካከለኛው፣ ረጅሙ

መጀመሪያ ስሜን ውስጥ እሜት ጎጎ ላይ የወጣሁት 10-18 ሚሊ ሜትር ሰፊ ሌንስ ብቻ ይዤ ነው። ቦታው 3,926 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከፊት ለፊት ተራራው ደረጃ በደረጃ እየተሰበረ ወደ ቆላው ይወርዳል። በዓይኔ ያየሁት ትንፋሽ ያሳጥር ነበር። ቤት ገብቼ ፎቶውን ስከፍተው ግን ያ ሁሉ ግርማ የጉንዳን ኩይሳ አክሎ፣ ላዩ ባዶ ሰማይ፣ ታቹ ባዶ ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት። ሰፊ ሌንስ ሩቁን ያሳንሳል፤ ሥራው ነው። የስሜን ውበት ደግሞ ያለው ሩቁ ላይ ነው፤ ከአንዱ ሸንተረር ጀርባ ሌላው፣ ከዚያም ጀርባ ሌላው። ያን የሚደራርበውና የሚያቀራርበው ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያለው ረጅም ሌንስ ነው። ከጎሃ ኮረብታ ላይ ሆኖ የፋሲል ግቢን ግንቦች ከዛፉና ከቆርቆሮው መሐል ለይቶ ለማውጣትም እሱው ያስፈልጋል።

ረጅም ሌንስ ጠላቱ ጭጋግና አቧራ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ከቆላው የሚነሳው ጭስና አቧራ ሸንተረሮቹን ያጠፋቸዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሙቀቱ አየሩን ያንቀጠቅጠዋል። ዝናቡ ሲያቆም፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ በማለዳ ስትወጡ አየሩ ታጥቦ ታገኙታላችሁ።

ሰፊው ሌንስ አይረባም ማለቴ አይደለም። አጠገባችሁ የሚታይ ነገር ሲኖር ተወዳዳሪ የለውም፦ አንድ ሜትር ላይ የቆመ ጅብራ (ረጅሙ የደጋ ተክል)፣ ጉልበት ላይ ተንበርክከው የሚያነሱት የአደይ አበባ መስክ። ያኔ ቅርቡ ይገዝፋል፤ ሩቁም ማረፊያ ይሆነዋል። ከዚያ ውጭ ባዶ መሬት ታነሱበታላችሁ። ፖላራይዘር ፊልተር (ነጸብራቅ የሚቀንስ መስታወት) ከገጠማችሁበትም ተጠንቀቁ፤ የሰማዩን አንድ ጎን አጥቁሮ ሌላውን ነጭ ይተወዋል። በዚያ ከፍታ ሰማዩ ያለ ፊልተርም ጥልቅ ሰማያዊ ነው።

ለግንቦቹ መካከለኛው ይሻላል። ካሜራውን ሽቅብ ስታዘነብሉ ማማዎቹ ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ፤ በሰፊ ሌንስ ደግሞ ይብሳል። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ፣ በፉል ፍሬም ከ28 እስከ 50 (በክሮፕ ከ18 እስከ 35) ማንሳት ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ለዚህ በቂ ነው፤ ኤፍ 8 ላይ ካደረጋችሁት ከሚወራበት በላይ ይጠራል።

ሁለት ቦርሳ ጎን ለጎን

ካኖን 6ዲ 770 ግራም፣ 16-35 ኤፍ 4 ሌንሱ 615፣ ማረጋጊያ የሌለው 70-200 ኤፍ 4 ደግሞ 705 ግራም ነው። ተደምሮ 2,090 ግራም። በሌላው ቦርሳ ካኖን 200ዲ 453፣ 10-18ቱ 240፣ 55-250ው 375 ግራም፤ ድምሩ 1,068። ግማሽ ነው። እይታውስ? 10-18 በካኖን ክሮፕ ላይ እንደ 16-29 ነው፤ 55-250 እንደ 88-400። የሩቁን ገደል በማቅረብ ቀላሉ ቦርሳ ይበልጣል። ስሜን ውስጥ ከሳንቃበር ወደ ግጭ በእግሩ የሄደ ሰው አንድ ኪሎ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እንግዲህ ፍርዴ፦ ሠርግም፣ ሌሊት የሚቆም ጥምቀትም፣ ኮከብም ዋና ሥራችሁ ከሆነ ፉል ፍሬም ግዙ። ተራራና ቀን ብርሃን ከሆነ ክሮፓችሁን ያዙና 55-250 ወይም አቻውን ጨምሩ፤ ሰፊው በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።

ነገ ፉል ፍሬም እገዛለሁ የምትሉ ከሆነ ግን አንድ ነገር እወቁ። ኢኤፍ-ኤስ የተባለ፣ ለክሮፕ የተሠራ የካኖን ሌንስ ፉል ፍሬሞቹ 6ዲና 5ዲ ላይ አይገባም፤ ኢኤፍ የሚለው ግን በክሮፑም በፉል ፍሬሙም ላይ ይሠራል። ለክሮፕ የተሠራው የኒኮን ዲኤክስ ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ ይገባል፤ ካሜራው ግን ፎቶውን ቆርጦ ያሳንሰዋል።

ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ የስልክ መብራት ከኋላ አብሩበትና በፊት በኩል እዩ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው፤ በምንም ዋጋ አትውሰዱ። እኔ ሳላይ ወስጄ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት በሆነች ቁጥር ፎቶው ላይ ወተት የፈሰሰ ይመስል ነበር፤ ሻጩም መልሶ አልተቀበለኝም።

ከሌንሱ የተረፈው ብር ለስታንድ ይሁን፤ መሐል ዘንጉ ላይ መንጠቆ ያለውን ምረጡ። ገደሉ ጫፍ ላይ ነፋሱ ሲነሳ ቦርሳችሁን እዚያ ታንጠለጥሉበታላችሁ።