ከሬጅስትራር እስከ ችሎት፦ የአንድ ምድብ ችሎት አገልግሎት ሲገመገም

ያበደርሁትን ገንዘብ ለማስመለስ በአዲስ አበባ ከሚገኙት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎቶች በአንዱ ክስ መሥርቼ በቅርቡ ፍርድ አግኝቻለሁ። የምድብ ችሎቱን ስም የማልጠቅሰው ወቀሳዬ በአንድ ክፍል ላይ ብቻ ያረፈ ስለሆነና ሌሎቹ አብረው እንዲነኩ ስለማልፈልግ ነው። ባለጉዳይ በዚያ ግቢ ከሚገጥመው ድካም አብዛኛው የሚመነጨው የአንዱን ሥራ ከሌላው በመጠበቅ መሆኑን ታዝቤያለሁ።

ክሱን የተቀበለው ሬጅስትራር ማመልከቻው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 222 የተዘረዘሩትን ማሟላቱን፣ የማስረጃ ዝርዝር መያያዙንና በአንቀጽ 92 መሠረት እውነትነቱ መረጋገጡን ገጽ በገጽ ተመለከተ። ከዚያ የዳኝነት ክፍያ ተከፍሎ መዝገቡ ተከፈተ፤ ለተከሳሽ የሚደርስ መጥሪያም ወጣ። ከጎኔ ቆመው የነበሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄ ክስ ያዋጣኛል?» ብለው ሲጠይቁት፣ «እናቴ፣ እሱን የሚወስነው ዳኛ ነው፤ እኔ የማየው አሟልተው መምጣትዎን ነው» አላቸው፤ ነገር ግን የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም ከሌላቸው በአንቀጽ 467 መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት እንደሚችሉ ሳይነግራቸው አላለፈም። አንዳንዱ ሰው መልሱን ግዴለሽነት ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ምክንያቱም ለከሳሽ ምክር የሚሰጥ የፍርድ ቤት ሠራተኛ ነገ ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ የሚታመንበት ምክንያት አይኖርም።

የጠበቃዬ ሥራ በአመዛኙ ያለቀው ችሎት ከመግባታችን በፊት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጬ፣ የአበል ውላችንንም በጽሑፍ አድርገን ከጀመርን በኋላ፣ ያቀረብሁለትን የቅሬታ ክምር ግማሹን ጥሎ የብድር ውሉን ብቻ የክሱ መሠረት አደረገው። እንደምትረታ እርግጠኛ ሁን አላለኝም፤ ከግቢው ውጭ «ጉዳይዎን እኔ እጨርስልዎታለሁ» እያሉ ከሚቀርቡት የሚለየውም በዚህ ነው። ስልክ አለማንሣቱ ግን ያስመርራል።

ከሁሉ የበለጠ ያረካኝ ችሎቱ ነው። ክሱ በተሰማበት ቀን ጠበቃዬ ረዘም ያለ ንግግር ሲጀምር ዳኛዋ አቋርጠው፣ «ጠበቃው ይቆዩ፤ ተከሳሽ ራሳቸው ይመልሱ። በውሉ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው?» አሉ። ተከሳሹም ፊርማው የእሱ መሆኑን አምኖ፣ ገንዘቡን ግን በእጄ እንደመለሰልኝ ተናገረ። ስለ ውሉ መኖር የምንከራከርበት ነገር በዚያች ቅጽበት ቀረና ጭብጡ ብድሩ ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም የሚለው ብቻ ሆነ። ተከሳሹ መመለሱን በምስክሮች አስረዳለሁ ሲል፣ ዳኛዋ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም ሆነ መመለሱ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ መሆኑን ጠቅሰው ምስክሮቹን አልቀበልም አሉ። (ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለሁለት ሰው ምሳ እንኳ ላይበቃ ይችላል፤ ድንጋጌው ግን አልተለወጠም።) ተከሳሹ ጠበቃ ስላልነበረው ትእዛዙ ምን ማለት እንደሆነ ቀለል ባለ አነጋገር አስረዱት፤ ሊከራከሩለት ግን አልሞከሩም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ አይመራም ሲል የተቀመጠውን ሐሳብ በዚያች ጠባብ የችሎት ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ሲውል አይቻለሁ።

ደካማው ክፍል መዝገብ ቤቱ ነው። ለፍርድ በተቀጠረው ቀን የችሎት ጸሐፊዋ «መዝገቡ አልቀረበም» ብላ አስታወቀችና ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ውጭ የቆምን ባለጉዳዮች ብዙዎቻችን ዳኛዋን ስንወቅስ ዋልን፤ መዝገብ ፈልጎ ማቅረብ ግን የእሳቸው ሥራ አይደለም፤ አቤቱታዬን ለሬጅስትራሩ በጽሑፍ ካቀረብሁ በኋላ መዝገቡ ከሌላ ችሎት መዝገቦች ጋር ተቀላቅሎ ተገኘ። በዳኛ ላይ የሥነ ምግባር ቅሬታ ያለው ሰው የሚሄደው ወደ ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ሲሆን፣ ፍርዱን የተቃወመ ደግሞ መንገዱ ይግባኝ ነው። የይግባኙ ጊዜ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ስለሆነ ግልባጩን በዕለቱ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እኔ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ብዙ ሳልጠብቅ አግኝቻለሁ።

ተከሳሹ በፍርዱ መሠረት ስላልከፈለኝ አሁን የአፈጻጸም መዝገብ አስከፍቻለሁ፤ ስለዚያኛው ክፍል አገልግሎት ለመናገር ገና ነው።