ካኖን 800ዲ በጥርስ ክሊኒክ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

አዳማ የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ያገለገለ ካኖን 800ዲ ከ100 ሚሊሜትር ማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገር አጉልቶ የሚያነሳ) ጋር ከገዛሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ካሜራው በፈረንጆቹ 2017 የወጣ ባለ 24 ሜጋፒክስል ነው፤ ለጥርስ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ብር ካላችሁ ሌንሱና ፍላሹ ላይ አውሉት።

በሌንሱ ቅሬታ የለኝም። በስልክ ተጠግታችሁ ስታነሱ መሃለኞቹ የፊት ጥርሶች ያለልካቸው ይገዝፋሉ፤ በዚህ ግን ራቅ ብዬ ስለማነሳ ቅርጻቸው አይዛባም። አውቶፎከሱን አጥፍቼ ሌንሱ ላይ የተጻፈውን የማጉሊያ ልክ አንድ ቦታ ላይ እተወዋለሁ፤ ምስሉ እስኪጠራ ድረስ ወደፊትና ወደኋላ የምለው እኔው ነኝ። በዚህ ዘዴ የ“በፊት” እና የ“በኋላ” ፎቶዎች መጠናቸው እኩል ይሆናል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 200፣ ፍጥነት 1/125፣ የሌንሱ ቀዳዳ ለአፍ ውስጥ ኤፍ 22፣ ለሙሉ ፊት ኤፍ 8፤ ሁሉም በማኑዋል።

ችግሩ ሪንግ ፍላሹ፣ ሌንሱን የሚከበው ክብ ፍላሽ ነው። ለመንጋጋ ጥርስ ወደር የለውም፣ ብርሃኑ እስከ አፍ ጥግ ይገባል። የፊት ጥርስ ላይ ግን ነጸብራቁ ዓይን ይወጋል። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት እኔ ጋ የሚመጣው ብዙው ሰው ጥርሱ የበለዘ ነው፤ ልመዘግበው የምፈልገው ነጭ ደመናና ቡናማ ነጠብጣብ ደግሞ ነጸብራቁ ያረፈበት ቦታ ላይ ይሆናል። መፍትሔው ፍላሹና ሌንሱ ላይ አቅጣጫቸው የተሻገረ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ) ማድረግ ነው። ነጸብራቁ ጠፍቶ ቀለሙ ብቻ ይቀራል፤ ብዙ ብርሃን ስለሚበላ ግን አይኤስኦውን ከፍ ማድረግ ግድ ነው። የጥርሱ ገጽ ሻካራነትም አብሮ ስለሚጠፋ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለሚሠራው ላቦራቶሪ ሁለቱንም ዓይነት ፎቶ እልካለሁ፣ የቀለም መለኪያውን ከጥርሱ ጎን አስይዤ። ይህ ጥርሱ ከመድረቁ በፊት ይነሳ፤ የደረቀ ጥርስ ይነጣል፣ የሚሠራው ክራውንም (ጥርሱን የሚሸፍነው ሰው ሠራሽ ቆብ) ነጥቶ ይመጣል።

ካሜራው፣ ሌንሱና ፍላሹ አንድ ላይ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናሉ፤ ከሰዓት በኋላ እጅ ይሰማዋል። አፍ ውስጥ የምናስገባው የፎቶ መስታወትና የከንፈር መያዣው አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ይገባሉ፣ ካሜራው አይገባም። ስለዚህ አፍ የነካ ጓንት ካሜራውን አይነካም፤ ረዳቴ መስታወቱን ይዛ እንፋሎት እንዳይጋርደው አየር ትነፋበታለች። ረዳት ለሌለው ሐኪም ይህን ዕቃ አልመክርም። ዋይፋዩ ይሠራል፣ የታካሚ ፎቶ ስልኬ ላይ እንዲቀመጥ ስለማልፈልግ ግን ዘግቼዋለሁ፤ ካርዱን አውጥቼ በቀጥታ ክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ እገለብጣለሁ።

ያገለገለ የምትገዙ ካላችሁ ካሜራው አናት ላይ ባለው የፍላሽ መቀመጫ መሃል ያለችውን ክብ ነጥብ ዓይታችሁ ግዙ። በአንዳንድ ርካሽ የካኖን ካሜራዎች ላይ የለችም፤ እሷ ከሌለች የሌላ ኩባንያ ርካሽ ፍላሽ አይበራላችሁም።